ምልዓተ ጉባኤ እንዳይጎድል

የሕግ ትምህርት ቤቱ የተማሪዎች ምክር ቤት የሚሰበሰበው ከቤተ መጻሕፍቱ በላይ፣ ድሮ የተሰባበረ ወንበር ይከማችበት በነበረ ክፍል ውስጥ ነበር። ክፍሉ ያለው አንድ መስኮት ነው፤ እሱም በደንብ አይገጥምም። ረጅሙ ጠረጴዛ ከሁለት አጫጭር ጠረጴዛዎች የተጋጠመ ስለሆነ መሀሉ ላይ ክፍተት አለው፤ በየስብሰባው የአንዱ እስክሪብቶ በዚያ ሾልኮ ባለቤቱን ከሥር ያንበረክከዋል።

አባላቱ ዘጠኝ ነበሩ። ሰብሳቢውን ተማሪው ሁሉ «አንቀጽ» ይለዋል። ስሙ የወጣለት አንደኛ ዓመት ሳለ ነው፤ ምግብ ቤት ሰልፍ ላይ ከፊቱ የተሰነቀረበትን ልጅ «በየትኛው አንቀጽ ነው የገባኸው?» ብሎ ጠይቆት። ክፉ ልጅ አልነበረም። ቀጭን፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ፣ ሲናደድ ድምፁ ከፍ በማለት ፈንታ የሚወርድ ልጅ ነው። የምክር ቤቱን መተዳደሪያ ደንብ ከዳር እስከ ዳር ያነበበው እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ሌሎቹ ደንቡን የሚያውቁት እሱ ሲጠቅስባቸው ነው።

ምክትሏ ደግሞ ሌላ ፍጥረት ነበረች። ሳቋ ደረጃውን ሳትወጣ ይደርሳል። ሰብሳቢውን «አንቀጼ» እያለች ታቆላምጠዋለች፤ በዚያ ስም ጠርቶት ያልተኮረፈ ሰው እሷ ብቻ ናት። የምክር ቤቱ ጸሐፊ ከአንደኛ ዓመት ጀምሮ ጓደኛዋ ነበረች፤ አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠው ተምረዋል፣ አንዷ ቤት ሌላዋ በልታለች።

በዝናብ ወቅት፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ የምክር ቤቱ ማኅተም አጀንዳ ሆኖ ቀረበ። አሮጌው ማኅተም ተበልቶ ጽሑፉ አይነበብም፤ አዲስ ይቀረጽ ተባለ። ክብ ይሁን ወይስ አራት ማዕዘን? ቀልድ ይመስላል እንጂ በዚህ ጉዳይ ፀሐይ ጠለቀች። የተገኙት አምስት ብቻ ነበሩ። ደንቡ ደግሞ ከአምስት ሰው ያነሰ ስብሰባ ስብሰባ አይደለም ይላል፤ አንድ ሰው ከወጣ የተወሰነው ሁሉ ውድቅ ነው።

ምክትሏ በመስኮቱ በኩል አየችና ቦርሳዋን አነሣች።

«መሸብኝ እኮ። በዚህ ዝናብ ታክሲ አላገኝም፤ እኔ ልሂድ።»

«ከሄድሽ ምልዓተ ጉባኤው ይጎድላል» አለ አንቀጽ። «ከሰዓቱን ሙሉ የለፋነው ውሃ በላው ማለት ነው። ትንሽ ታገሺ።»

ምክትሏ ሁለት እጇን ወደ ላይ አንሥታ «በሕግ አምላክ! ልቀቁኝ!» ብላ ጮኸች።

ሁሉም ሳቀ። ጸሐፊዋም ሳቀች። ከሁሉ አብልጦ የሳቀው የሁለተኛ ዓመት ተወካዩ ነበር፤ ተረበኛ ልጅ ነው፣ ሰው ሲያስቀውም ሲስቅም ጠረጴዛ ይደበድባል። ምክትሏ ራሷም ስቃ ተመልሳ ተቀመጠች። «እሺ በቃ፣ ክብም ይሁን ቅርጫት፣ ብቻ ቶሎ በሉ» አለች።

ክብ ይሁን ተባለ። ስትወጣ ጨልሟል። ከትምህርት ቤቱ በር ወረድ ብሎ ያለውን ሰፊ መንገድ ስትሻገር የጭነት መኪና ገጫት። ሾፌሩ አላየኋትም አለ። የመንገዱ መብራት ጠፍቶ ነበር፤ ዝናቡም መስተዋቱን ደፍኖበታል። የሰማው ሁሉ አመነው።

በቀብሩ ላይ የምክር ቤቱ አባላት ከሰዉ ኋላ ተኮልኩለው ቆሙ። በዚያ ከሰዓት ክፍሉ ውስጥ የነበሩት አራቱ ዓይን ለዓይን አልተያዩም። ስለ ማኅተሙ ማንም ትንፍሽ አላለም፤ ያን ቀን ብቻ ሳይሆን ከዚያም በኋላ።

ምክር ቤቱ እንደገና ሲሰበሰብ ጸሐፊዋ እንደ ደንቡ የአባላቱን ስም ጠራች። የምክትሏ ስም ጋ ስትደርስ ዘለለችው።

«አንድ ሰው አልጠራሽም» አለ አንቀጽ።

«ማንን?»

«ምክትሏን።»

ጸሐፊዋ የሰማችውን ማመን አቃታት። «ሞታለች እኮ» አለች ቀስ ብላ፣ ለማያውቅ ሰው እንደምትነግር።

«አውቃለሁ።» ድምፁ ወርዶ ሊጠፋ ደርሶ ነበር። «ግን ደንቡ ስለ ሞት የሚለው ነገር የለም። አባል ከምክር ቤቱ የሚወጣው ወይ መልቀቂያ ሲያቀርብ ነው፣ ወይ በተከታታይ ቀርቶ፣ ተጠርቶ፣ ራሱ ወይም ወኪሉ ከተሰማ በኋላ በድምፅ ብልጫ ሲነሣ ነው። ሌላ መውጫ የለም። እስከዚያው አባል ናት። ጥሪያት።»

ተረበኛው «አንተ ሰውዬ፣ ጤነኛ ነህ?» አለው። ጸሐፊዋ የምክትሏን ስም ጠራች። ከዚያ ሁሉም፣ ማንም እንዳዘዛቸው ሳይሆን፣ ዝም ብለው ጠበቁ። መስኮቱ አንድ ጊዜ ድብ አለና ጸጥ አለ። «አልተገኘችም» ብላ ጻፈች፤ የጻፈችበት እጅ ግን የሷ አልመስል አላት።

ከዚያ ወዲህ በየስብሰባው እንዲሁ ሆነ። በመስኮቱ ጥግ ያለው የምክትሏ ወንበር ላይ ማንም አይቀመጥም፤ ከአጠገቡ ያለው ቦታ እንዳይደርሳቸው አባላቱ ቀድመው መምጣት ጀመሩ። በሰዓቱ የመጣ ሰው ታይቶ በማይታወቅበት ምክር ቤት አሁን ሁሉም ተሽቀዳድሞ ይገባል። ተረበኛው ቀልድ ተወ። አንድ ቀን ሊቀልድ ጀምሮ ግማሽ ላይ ቆመ፤ ከደረጃው ሥር የሆነ ሰው ሳቀ። ሄደው ሲያዩ ከቤተ መጻሕፍት የምትወጣ ሌላ ተማሪ ነበረች።

ጸሐፊዋ ላይ ግን የባሰ ነገር መጣ። ከታላቅ እህቷ ጋር በተከራዩት ቤት ዕቃ እያጠበች ሳለ፣ እጇ ሳሙና ውስጥ እንዳለ ድርቅ ብላ ትቆማለች። የጓደኛዋን ስም በልቧ ጠርታለች ማለት ነው። መልሱን እየጠበቀች ነው። እህቷ «ምን ሆነሻል? ጆሮሽ ቆሟል እኮ» ስትላት «ምንም» ትላለች። ምን ትበላት? ለማንም ያልተናገረችው ነገር እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዋ ላይ ተሰንቅሯል፦ ልሂድ አለች፣ እኛ ሳቅን።

ጊዜው ሄደና ደንቡ የሚለው የቀሪ ብዛት ሞላ። የተማሪዎች ጉዳይ ቢሮውም ወንበሩ በደንቡ መሠረት ካልተለቀቀ ማሟያ ምርጫ አልፈቅድም ስላለ፣ አንቀጽ ለምክትሏ የጥሪ ደብዳቤ ይጻፍ አለ።

«ለሬሳ ጥሪ ልጻፍ?» አለች ጸሐፊዋ።

«ለመዝገቡ ነው። ፋይል ውስጥ ይቀመጣል፣ ማንም አያየውም። በቀጠሮው ቀን አልቀረበችም ብለን ድምፅ እንሰጥና ነገሩ ያበቃል።» ዓይኑ ቀልቶ ነበር። «እኔም እንዲያበቃ ነው የምፈልገው፤ ሌላ ምን ላድርግ?»

ጻፈችው። ደንቡ ሙሉ ስምና የቤት አድራሻ ይኑረው ስለሚል አሰፈረች፤ በአዲሱ ክብ ማኅተም መታችው፤ ፖስታ ውስጥ ከታ ጠረጴዛው ላይ ትታው ክፍል ገባች። የትምህርት ቤቱ ተላላኪ እንደ ልማዱ የየቢሮውን ደብዳቤ ሊሰበስብ ዞረ፤ አድራሻ ያለበት ፖስታ አየ፤ ወሰደ። ሰውየው ምን በወጣው! ጸሐፊዋ ተመልሳ ስታጣው አንቀጽ ወደ ፋይሉ ያስገባው መሰላት። አንቀጽም እሷ ያስገባችው መሰለው።

በቀጠሮው ቀን ዘጠኝ ወንበር፣ ስምንት ሰው ሆነው ተቀመጡ። ጸሐፊዋ ስም መጥራት ልትጀምር ስትል በሩ ተንኳኳ።

እናትየው ነበሩ። ጥቁር ለብሰዋል። ጫማቸውን ደፉ ላይ ጠረግ ጠረግ አደረጉና፣ ፖስታውን በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ እንደያዙ ገቡ።

«ልጄን ጠርታችኋት ነበር» አሉ። «እሷ መምጣት አልቻለችም። ወኪል ይቻላል ስለሚል እኔ መጣሁ።»

ጸሐፊዋ ወንበሯን ገፍታ ተነሣች። «እማማ… ይቅርታ ያድርጉልን፣ በስህተት ነው የወጣው። አይደርስዎትም ነበር… መድረስ አልነበረበትም…»

«ስህተትም ቢሆን ስሟ አለበት፣ የኔ ልጅ።» ሴትዮዋ አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻል ነበር። «ከሄደች ወዲህ ሰዉ ሁሉ ‘ነበረች’ ነው የሚለኝ። ይሄ ወረቀት ‘እንድትቀርቢ’ ይላል። እንዳለ ሰው የጠራት ይሄ ብቻ ነው። ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት!»

ዙሪያቸውን አዩና ባዶ ወንበር ያዩበት ሄደው ተቀመጡ። የማን እንደሆነ ማንም አልነገራቸውም።

አንቀጽ ተነሣ፤ ተቀመጠ፤ ደግሞ ተነሣ። ሌላ የሚያውቀው ነገር ስለሌለ «ለወኪሏ የመናገር ዕድል ተሰጥቷል» አለ። አጠገቡ ከተቀመጡት ሁለት ሰዎች በቀር የሰማው አልነበረም።

እናትየው ግን ገባቸው። «እንግዲህ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው» ብለው ጀመሩ። «ልጄ ይህን ሥራ ልትለቅ ፈልጋ ነበር። ታውቁ ነበር?»

አያውቁም ነበር። ጸሐፊዋ እንኳን አታውቅም።

«ደክሟት ነበር። ትምህርቱ አለ፣ መንገዱ ሩቅ ነው። ‘እማ፣ ብተወውስ?’ አለችኝ። እንቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ምክትል ሆነች ብዬ ለዘመድ ለጎረቤቱ አውርቼ ጨርሻለሁ፤ ‘አሁን ምን ልበላቸው?’ አልኳት። ልጅ ናት፣ እሺ አለችኝ። በእኔ ጉራ ነው ያን ቀን እዚህ ያመሸችው። እሷን የገደላት ሾፌሩ አይደለም።» «አሁን የግቢው በር ሲንኳኳ ብድግ እላለሁ። አባቷ ‘ንፋስ ነው፣ ተኚ’ ይለኛል። ንፋስ መሆኑን እኔም አላጣሁትም። ግን እነሣለሁ። ያኔ የከለከልኳትን መልቀቂያ ዛሬ ይዤላት መጥቻለሁ፤ እባካችሁ ተቀበሉኝና ትረፍ።»

እዚያ ላይ ዝም ማለት ቀላል ነበር። ሴትዮዋ ጥፋቱን ጠቅልለው በራሳቸው ላይ ጭነውታል፤ እሺ ብሎ መልቀቂያውን መቀበል፣ ደረጃው ድረስ መሸኘት፣ በቃ። ተረበኛው የጠረጴዛውን ክፍተት በጥፍሩ ይፍቃል። ጸሐፊዋ አንቀጽን አየችው፤ ፊቱ አመድ ሆኗል። እሷ ካልጀመረች ማንም እንደማይጀምር ገባት።

«እማማ፣ በእርስዎ አይደለም» አለች። «ያን ቀን ልሂድ ብላ ነበር። ገና ሳይጨልም። ቦርሳዋን ሁሉ ይዛ ተነሥታ ነበር።»

እናትየው ቀና አሉ። «እና?»

«እኔ ነኝ የከለከልኳት» አለ አንቀጽ። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ አልወረደም። «አምስት ብቻ ነበርን። እሷ ከወጣች ስብሰባው ይፈርስ ነበር። ታገሺ አልኳት።»

«ምን ነበር ጉዳዩ? ምን ስትወስኑ ነው?»

ተረበኛው ቀና ሳይል መለሰላቸው። «ማኅተም ነው እማማ። ክብ ይሁን አራት ማዕዘን ተባብለን ነው።»

እናትየው ፖስታውን ገልብጠው አዩት። «ክብ ሆነ?»

«አዎ።»

«እሷስ ምን አለች? ታገሺ ስትሏት?»

ጸሐፊዋ ልትዋሽላቸው ፈልጋ አቃታት። «‘በሕግ አምላክ፣ ልቀቁኝ’ አለች። ስትቀልድ ነበር… እኛም ሳቅን። ሁላችንም።»

«እሷም ሳቀች?»

«ሳቀች።»

እናትየው ዓይናቸውን ጨፍነው ረጅም ጊዜ ቆዩ። እንባቸውን እያነቡ ይሆናል ብለው ሁሉም ተሳቀቁ፤ ሲገልጡት ግን ደረቅ ነበር። ደጁን እንጂ እነሱን አላዩም።

«ይቅርታ እንዳትጠይቁኝ» አሉ። «ዛሬ የለኝም። ወደፊት ይኖረኝ እንደሆነም አላውቅም። መልቀቂያውን ተቀበሉኝ፣ የመጣሁት ለሱ ነው።»

ድምፅ ተሰጠ። እጆች ሁሉ ወጡ። ደንቡ ሰብሳቢው ድምፅ የሚሰጠው እኩል ለእኩል ሲሆን ነው ቢልም አንቀጽም እጁን አወጣ፣ ማንም አላረመውም። ጸሐፊዋ ቃለ ጉባኤውን ስትጽፍ ለመልቀቅ ምክንያት የሚሞላበት ቦታ ላይ እስክሪብቶዋ ቆመ።

«ደክሟት ነበር በዪ» አሉ እናትየው።

እንዲያ ብላ ጻፈች።

ተረበኛው ያኔ እጁን አወጣ። «ለደንቡ ማሻሻያ አለኝ። ልሂድ ያለ ሰው ይሂድ።»

«ይህ በሕግ አገላለጽ ሲቀመጥ…» ብሎ አንቀጽ ጀመረና አፉን በእጁ ያዘ። ማሻሻያው እንደተነገረ፣ አንድ ቃል ሳይጨመርበት ጸደቀ።

ስብሰባው ሲበተን ፀሐይዋ ገና ከጣሪያዎቹ በላይ ነበረች። እናትየው ግን ወደ ቤት ሊሄዱ አልተነሡም። «የሄደችበትን መንገድ አሳዩኝ» አሉ። «እስከ ዛሬ በዚያ አልፌ አላውቅም። ዛሬም በጀርባ በር ነው የገባሁት።»

ጸሐፊዋና አንቀጽ አብረዋቸው ወረዱ። ከበሩ እስከ መንገዱ ቁልቁለቱን ተከተሉ። የፎቶ ኮፒ ቤቶቹ ማሽን ይጮኻል፤ ተማሪዎች ወረቀት ተሸክመው ይጋፋሉ። መንገዱ ዳር ሲደርሱ ጸሐፊዋ «እዚህ ጋ» አለች። ምልክት አልነበረውም። አስፋልት ነው፤ ጎማ አለፈበት፣ ሌላ ጎማ አለፈበት። እናትየው ትክ ብለው አዩት፤ ልጃቸውን የሚያስታውስ አንድ ነገር እየፈለጉ እንደነበር ያስታውቃል፤ ምንም አላገኙም። ከዚያ የጸሐፊዋን እጅ ያዙና መኪናው ቆም ሲልላቸው ተሻገሩ።

አንቀጽ አልተከተላቸውም። ማዶ ደርሰው ሲዞሩ ከእግረኛው መንገድ ጠርዝ ላይ ቆሟል። አንድ እግሩን ወደ አስፋልቱ ያወርዳል፣ ይመልሳል። የመኪናው ጎርፍ ይከፈትለታል፣ ይዘጋበታል፤ እሱ እንደቆመ ነው። በኋላ ለጸሐፊዋ እንደነገራት፣ ከአደጋው ቀን ጀምሮ ያንን መንገድ አንድም ጊዜ አልተሻገረም ነበር፤ ወደ ቤቱ ሲሄድ ራቅ ብሎ ባለው ድልድይ ዞሮ ነው።

ታክሲ መጣ። ረዳቱ «እናት፣ ግቡ፣ ሁለት ሰው!» ብሎ ተጣራ።

«ሂድ አንተ» አሉት እናትየው። «ልጁ ይሻገር።»

ያም ሄደ፣ ሌላም ሄደ። እሳቸው ቦርሳቸውን ክንዳቸው ላይ አንጠልጥለው፣ ማዶ ያለውን ልጅ ሳይጠሩት፣ እጃቸውንም ሳያውለበልቡ ቆሙ። አንቀጽ በመጨረሻ እንደምንም ተሻገረ፤ ሲደርስ የሸሚዙ አንገት በላብ ርሷል። አላቀፉትም፣ አልመከሩትም። ከእግር እስከ ራሱ አዩትና «በል፣ ቤትህ ግባ» ብለው የቀጣዩን ታክሲ በር ከፈቱ።

አንቀጽ ሰብሳቢነቱን በዚያው ሰሞን ተወ። ጸሐፊዋ ለታላቅ እህቷ ሁሉንም ነገረቻት፤ እህቷም ሰምታ ስታበቃ «ሂጂና ሴትዮዋን ጠይቂያቸው» አለቻት እንጂ ሌላ አልጨመረችም። በሳምንቱ መጨረሻ ሄደች። እናትየው ነይም ሂጂም አላሏትም፤ ሽንኩርት አቀረቡላትና ላጠች። በሚቀጥለውም ሄደች። ይቅርታ የሚለው ቃል በመካከላቸው ተነሥቶ አያውቅም።

አንድ እሑድ ግን እናትየው ተዘግቶ የከረመውን የልጃቸውን ክፍል ከፈቱና «መጋረጃውን አውርጂልኝ፣ አቧራ በልቶታል» አሏት። ግቢው ውስጥ በትልቅ ሳፋ አጠቡት። ከባድ ጨርቅ ስለነበር አንዷ በአንድ ጫፍ፣ አንዷ በሌላው ጫፍ ይዘው፣ ውሃው እግራቸው ላይ እየፈሰሰ፣ ወዲያና ወዲህ ጠመዘዙት።